የጥቅምት ውርጭና የገላነሽ ጸበል

ረታ ቮንሞቢሏን የገዛው ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው፤ ሊገድላት የደረሰው ደግሞ በመጀመሪያው ብርድ። ቤትም መኪናም የሆነች ነገር ናት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ከአልጋው ጎን ቁምሳጥን የምታህል፣ ሰው ክንዱን ሰብስቦ የሚታጠብባት ሻወር አለቻት። ውሃው ከመቀመጫው ሥር ባለ ታንከር ይቀመጣል፣ በፓምፕ ይገፋል፣ በትንሽ ቦይለር ይሞቃል። ረታ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያላሰበበት ነገር ቢኖር፣ ብርድ ከመግባቱ በፊት ያ ውሃ አንድ ጠብታ ሳይቀር መውጣት እንዳለበት ነው። ፍራንክፈርት፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር ካለው መኖሪያቸው ፊት ለፊት እንደቆመች ትቷት፣ በጥር ሲከፍታት ቦይለሩ እንደ ተቀቀለ ድንች ተሰነጣጥቆ ጠበቀው።

የሚያስቀውም የሚያናድደውም ነገር፣ ይህ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው ኒደርራድ፣ ሊዮነር መንገድ ላይ ከተደረደሩት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ፣ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ “ቧንቧዬ በውርጭ ፈነዳ፣ ካሳ ይከፈለኝ” የሚሉ ማመልከቻዎችን ሲያነብ መሆኑ ነው። ስንቱን “በቂ ጥንቃቄ አላደረጉም” ብሎ መልሶታል። የራሱ ሲፈነዳ ለማንም ትንፍሽ ሳይል አዲስ ቦይለር አስገባ። ገላነሽ ግን ሚስቱ ናትና አልማረችውም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን እዚያው ፊቱ ትተርከው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። በየዓመቱ መስቀል በዋለ ሰሞን ውሃ የማውጣቱ ሥራ ይጀመራል። የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሱ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ የታንከሩን መውረጃ ይከፍታል። እሷ ውስጥ ሆና ቧንቧዎቹን ሁሉ ትከፍታለች፤ እጀታቸውን ወደ ሙቁም ወደ ቀዝቃዛውም ሳይሆን መሀል ላይ ታቆመዋለች፣ ሁለቱም መስመር እንዲፈስ። የሻወሩን ራስ አውርዳ ወለሉ ላይ ታስተኛዋለች። ከዚያ ፓምፑ ለአፍታ ይበራና፣ አየር እየዋጠ እስኪያስል ድረስ በቱቦዎቹ ውስጥ የተደበቀውን ይተፋል። “ፓምፑን!” ይላል ረታ ከታች። “አብርቼዋለሁ!” ትላለች ከላይ። “አጥፊው እንጂ!” “አሁን አብሪው አላልክም?” የሰማ ጎረቤት የሚጣሉ ይመስለዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ ቀን የሚስማሙበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

በሌላው ነገር አይገናኙም። ረታ እግዚአብሔርንም ንጉሡንም በአንድ ሰልፍ ከሸኘው ትውልድ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ፣ አገር ቤት የጓደኞቹን እልቂት በስልክና በወሬ እየሰማ እዚሁ የቀረ። ገላነሽ ደግሞ ሮደልሃይም ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ስትሠራ የኖረች፣ እሑዷን ግን ለማንም አለቃ አሳልፋ የማትሰጥ ሴት ናት። ሰላማቸው የቆመው በአንድ ውል ነው፦ እሱ በመኪና ያደርሳታል፤ እሷ ገብታ ታስቀድሳለች፤ እሱ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። አንድም ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልተሻገረም፤ አንድም ቀን አርፍዶ አላደረሳትም።

በፈረንጆቹ 2012 ሰኔ ላይ ገላነሽ ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰሰች። ሐኪሞቹ ናሙና ወስደው አዩት። ክፉ ነው፣ ግን ገና ነው፤ ቶሎ ከወጣ ተስፋው ብዙ ነው አሉ። እሺ አለች። እሺ ማለቱ አልቸገራትም፤ መሄዱ ነው እንጂ። የመጀመሪያው ቴርሚን፣ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ፣ በነሐሴ ሲመጣ “ፍልሰታን ይዤ አልከፈትም” አለች። ሁለተኛው በመስከረም ሲመጣ “ለመስቀል ሰው ጠርቻለሁ፣ እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ?” አለች። ረታ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

“ዕጢ ብረት ሲነካው ይቆጣል” ትል ነበር አልፎ አልፎ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ታላቅ እኅቷ አያልነሽ አዲስ አበባ ተከፍታ፣ ከተኛችበት አልጋ ሳትወርድ ነው የሞተችው። ረታ “ያ ሌላ ዘመን ነው፣ ሌላ ሕመም ነው” ሲላት “አዎ” ብላ ወሬ ትቀይራለች። ፍርሃት ነበር። ግን አንዴ ጾም፣ አንዴ እንግዳ፣ አንዴ በዓል እየመሰለ ስለሚመጣ ረታ በስሙ ሊጠራው አልደፈረም።

ጥቅምት እንደገባ አባ ኪዳነ የሚባሉ መነኩሴ ከአገር ቤት ለጉብኝት መጡ። ገላነሽ ባሏን “እሑድ በትንሿ መኪና ሳይሆን በቮንሞቢሏ ውሰደኝ” አለችው። ለምን ብሎ ሲጠይቅ “ታንከሩንም ሙላው” አለችው። ያን ቀን አባ ኪዳነ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከመኪናዋ ጎን ቆሙ። የታንከሩ አፍ ሲከፈትላቸው እንደ ነዳጅ መሙያ ያለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ አይተው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ መስቀላቸውን በላይዋ አድርገው ረጅም ጸሎት አደረሱ። ልጆች ከበው ይስቁ ነበር። ረታ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ለፊት ያይ ነበር፤ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ ግን ሳያነብ።

አሳቧ ይህ ነበር። አሥራ አራት ቀን ሱባኤ ትይዛለች፤ በየማለዳው እህል ሳትቀምስ በመኪናዋ ሻወር ትጠመቃለች። የቤቱ ሻወር አይሆንም፤ ውሃው ከሽንት ቤቱ ጋር በአንድ ቱቦ ይወርዳላ! በመኪናዋ ግን እጣቢው ለብቻው ይጠራቀማል፤ ረታም አውጥቶ ሰው የማይረግጠው ዛፍ ሥር ያፈሰዋል። ሱባኤው በተፈጸመ ማግስት፣ ሰኞ፣ ሦስተኛው ቴርሚን ነው።

“ከጨረስኩ እገባልሃለሁ” አለችው። “ማርያምን። ከተቋረጠ ግን ከአንድ ነው የምጀምረው።”

“ከተቋረጠ ማለት?”

“ጸበሉ ካለቀ። ከፈሰሰ። ምን አውቃለሁ!”

“አባ እኮ በዚህ ሳምንት ይሄዳሉ።”

“ሌላ አባት እስኪመጣ እጠብቃለኋ።”

ረታ ውሉን ገመገመው። አሥራ አራት ማለዳ ውሃ ይፍሰስባት፤ በአሥራ አምስተኛው ሐኪሙ ይደርሳል። ልጃቸው ፀሎት ስትሰማ በጀርመንኛ ጮኸች። ፀሎት እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በጀርመንኛ የሆነ ልጅ ናት። “ተያት፣ ትሂድልን እንጂ በምንም ትሂድ” አላት አባቷ። በዚህ ዓይነት፣ ሰማዩን ባዶ ነው ሲል የኖረ ሰው የጸበል ጠባቂ ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያስቅም ነበር። ገላነሽ በየጠዋቱ በነጭ ቀሚሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ፎጣዋን በትከሻዋ ጥላ የእግረኛ መንገዱን ትሻገራለች። አንድ ጀርመን ጎረቤት ውሻውን ይዞ ሲያልፍ “የቤታችሁ ሻወር ተበላሸ እንዴ?” ብሎ ረታን ጠየቀው። ረታ ለማስረዳት አፉን ከፈተ፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። “አዎ፣ ተበላሽቷል” አለ። ሰውየው ደግ ነበርና የሚያውቀውን የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ሰጠው።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ሬዲዮው ውርጭ ቀድሞ እንደሚመጣ ተናገረ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገራችን ሰው፤ ረታ ግን አጥንቱ አልነበረም ያሳሰበው። ሌላው ዓመት ቢሆን ይህን ጊዜ ታንከሩ ደርቆ፣ ቧንቧዎቹ ተከፋፍተው፣ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አሁን ማውጣት አይቻልም፤ ማቆየትም አደጋ ነው። ቦይለሩ ሥር አንድ ቫልቭ አለ፤ ብርዱ ሲጠናበት ራሱ ተከፍቶ ውሃውን ወደ መንገዱ ይለቃል፣ ቦይለሩ እንዳይፈነዳ ተብሎ የተሠራ ነው። በዚያ ሰዓት ፓምፑ ሳይጠፋ ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየገፋ በዚያው በኩል ያፈሰዋል። ስለዚህ ረታ ማሞቂያውን ሌትና ቀን አበራ። ታንከሩን በብርድ ልብስ ጠቀለለ። በየሰዓቱ እየወረደ እጁን ቱቦዎቹ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ሕፃን ታሞበት ግንባሩን እንደሚዳስስ አባት። ገላነሽ በመስኮት ሆና ታየው ነበር። ምን እንደምታስብ አልጠየቃትም። ደስ ያላት ነበር የመሰለው።

አርብ ማታ ፀሎት ደወለች። ገላነሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ማማ፣ ሰኞ እኔ ነኝ የምወስድሽ” አለች ፀሎት፣ በጀርመንኛ።

“እግዚአብሔር ካለ” አለች እናቷ።

“ማማ! ዴር ቴርሚን ኢስት ፌስት!” ቴርሚኑ ቁርጥ ነው ማለቷ ነው።

“እሺ አልኩሽ እኮ” አለች ገላነሽ። እራቷን እንደቀረበ ከደነችው። ረታ ተነሥቶ የምሽት ሁለት ሰዓቱን ዜና ከፈተ። ዓለም ቢገለበጥ ከዚያ ዜና የሚያነሣው የለም።

ቅዳሜ ማለዳ ሲወርድ ከመኪናዋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ማሞቂያው ሁልጊዜ እንደ ድመት ያንኮራፋ ነበር፤ ዝም ብሏል። ረታ መንገዱን ሮጦ ተሻገረ። የጋዝ ሲሊንደሩ አልቋል። ሁለተኛው ሙሉ ሲሊንደር እዚያው ከጎኑ ቆሟል፤ ማገናኘቱን ረስቶታል። መስኮቶቹ ውርጭ ለብሰዋል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲያይ ቫልቩ ተከፍቶ፣ አስፋልቱ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ዘሎ ገባና የታንከሩን መለኪያ ተጫነ። ባዶ። ቧንቧውን ከፈተ፤ ፓምፑ ደረቅ ሳል ሳለ።

“ፓምፑን ሳላጠፋ ነው ያደርኩት” አለ ጮክ ብሎ። ይህን የሚያህል ስሕተት በማመልከቻ ላይ ቢያነብ ኖሮ በአንድ መስመር ይመልሰው ነበር። ወደ ውጭ ወጣ። በረዶው ላይ መቆሙን ሲያውቅ እግሩን መቃብር እንደረገጠ ሰው አነሣ። ከዚያ ይህን በማድረጉ አፈረ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልንገራት ብሎ አሰበ። ቢነግራት ምን እንደምትል ያውቃል፦ ሱባኤው ፈረሰ፤ አባ ሄደዋል፤ ሌላ አባት ይጠበቅ፤ ከዚያ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም። ዕጢው ግን የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው፤ ጾም አይዝም፣ በዓል አያከብርም። የቀሯት ሁለት ማለዳዎች ነበሩ፣ ዛሬና ነገ። በሁለት ማለዳ ምክንያት ገላነሽን ላጣ ነው ወይ አለ ረታ። እንባው መጣ፤ በብርዱ አሳበበ።

ከዚያ ሁለት ጀሪካን አንሥቶ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ወረደ፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ ልብስ የሚያጥቡበት ክፍል ውስጥ ቧንቧ አለ። የፍራንክፈርትን ውሃ እስከ አፉ ሞላ። እያለከለከ ተመለሰ። የታንከሩን አፍ ከፍቶ ሊያፈስ ሲል እጁ እምቢ አለው። እንዲሁ ዝም ብሎ ውሃ ማፍሰስ አቃተው። እሷ ጾሟን፣ በእምነት የምትቆምበት ውሃ ነው። ግራና ቀኝ አየ፤ ባለ ውሻው ጎረቤት አልነበረም። ሲቸግር ጤፍ ብድር ነውና፣ በቀዳዳዋ ላይ በጣቱ አማተበ። “አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ” ብሎ ጀመረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አላለውም። “ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም” ድረስ ሄደለት። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋበት። ሁለቴ ከመጀመሪያው ሞከረ፤ እዚያው ላይ ይቆምበታል። ተወውና ውሃውን አፈሰሰ።

ሙሉውን ሲሊንደር አገናኘ፣ ማሞቂያውን አበራ፣ ቫልቩን በመዳፉ አሙቆ ዘጋው። ምድር ቤቱንና መንገዱን ደግሞ ደጋግሞ ተመላለሰ። በረዶው ላይ አመድ በተነ። ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ሆነ፤ እሱ ብቻ ሲቀር።

ገላነሽ ዘግይታ ወረደች። ነጩን ቀሚስ አልለበሰችም። ፎጣም አልያዘችም። በቤት ልብሷ ላይ ካፖርቷን ደርባ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣችና ከፊቱ ቆመች።

“ረታ፣ አንድ ነገር . . .”

“ግቢ፣ ይበርድሻል። ሞቋል” አላት።

“ምኑ?”

“ውሃው ነዋ።”

“ውሃው?” አለች። “ውሃ አለው?”

“ለምን አይኖረውም?” አለ ረታ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ።

ከዚያ ደረጃዋን ወጥታ ገባች። ረታ በሩ ላይ ቆሞ አደመጠ። ፓምፑ ተነሣ፣ ውሃው ወረደ። ከዚያ ልቅሶ። ገላነሽ የምታለቅሰው በጨርቅ አፏን ይዛ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅ አውጥታ ነበር የምታለቅሰው። “እግዚኦ፣ እግዚኦ” ትላለች ደጋግማ። አውቃለች አለ ረታ በልቡ። ጣዕሙን ለየችው፣ ሽታውን ለየችው፤ አለቀልኝ። እጁን የበሩ እጀታ ላይ አድርጎ መክፈትም መሄድም አቃተው።

ስትወጣ ከነልብሷ ርሳ ነበር። ካፖርቱን አለበሳት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ “ሰኞ በስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?” አለችው።

“ጠዋት በአንድ ሰዓት።”

“እሺ” አለች። በሰኔ ከተናገረችው እሺ ጋር አይመሳሰልም።

እሑድ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሥታ ተጠመቀች። ፀሎት ቀትር ላይ መጥታ እናቷን እንዲያ ተረጋግታ ስታይ ግራ ገባት። ገላነሽ ከታንከሩ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ወደ ሆስፒታል በምትይዘው ቦርሳ ውስጥ አደረገች፤ ለልጇም በብርጭቆ ሰጠቻት። ፀሎት ጠጣች። ረታ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትናንት ሲደክምበት የዋለው ነገር እንዲህ አምሮ ሲሰምርለት ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ትንሽም ብሎት ነበር። ግን ውሃው በሰው ጉሮሮ ሲወርድ ማየት ሌላ ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀረውን ሊያወጡ ወረዱ። ረታ “ልክ እንደ ሌላው ጊዜ መንገዱ ላይ እንልቀቀው” ብሎ ነበር፤ ገላነሽ በዓይኗ መለሰችለት። ስለዚህ ከሥር ገብቶ ባልዲ ደቀነ። እሷ ከላይ ቧንቧዎቹን ከፈተች፣ እጀታዎቹን መሀል ላይ አቆመች፣ የሻወሩን ራስ አስተኛች። “ፓምፑን!” አለ። አበራች። “አጥፊው!” አጠፋች። አልተጨቃጨቁም። ረታ የምድር ቤቱን ውሃ በባልዲ እየተሸከመ፣ አንዲት ጠብታ መንገዱ ላይ እንዳትወድቅ እየተጠነቀቀ፣ የኒዳ ወንዝ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ወስዶ አፈሰሰ። ገላነሽ ከኋላው እየተከተለች ታየዋለች። ለምን ሁለት እጁን እንደሚጠቀም እሱም አያውቅም። ጨርሰው ሲመለሱ “ዘንድሮ ቦይለሩ አይፈነዳም” አላት። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል፣ ከኋላው የሚከፈት ሸሚዝ ለብሳ አልጋ ላይ ተኛች። ፀሎት መኪናውን ልታቆም ወርዳለች። ነርሷ መጥታ ስሟንና የተወለደችበትን ቀን ጠይቃ “ትንሽ ቆይተን እንመጣለን” ብላ ሄደች። ገላነሽ የባሏን እጅ ያዘች።

“ረታ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትቆጣ።”

“አልቆጣም።”

“አርብ ማታ አንተ ዜና ስታይ ወርጄ ታንከሩን አፈሰስኩት።”

ረታ የሰማው መሰለው፤ ግን አልሰማም ነበር። “ምኑን?”

“ጸበሉን። አንተ እንደምትተኛው በጀርባዬ ተኝቼ፣ መውረጃውን ከፍቼ፣ በባልዲ እየተቀበልኩ ወንዙ ዳር ወስጄ አፈሰስኩት። ጠብ እስከማይል አንጠፍጥፌ፣ መልሼ ዘጋሁት። አንተ ያስተማርከኝን አንድም አላጎደልኩም።”

“ለምን፣ ገሌ?”

“ፈራኋ!” አለች። “አያልነሽን እያየሁ ፈራሁ። ሱባኤው ከፈረሰ ቴርሚኑም ይፈርሳል ብዬ። ለአንተም፣ ለልጅቷም፣ ለእግዚአብሔርም የምናገረው ምክንያት አለኝ ብዬ። ቅዳሜ ጠዋት ፈሶ አገኘሁት ብዬ ልዋሽህ ነበር የወረድኩት። ሳይህ ደግሞ እውነቱን ልነግርህ አሰብኩ። አንተ ግን ሞቋል ግቢ አልከኝ።” ትንፋሿ አጠረ። “ገብቼ ቧንቧውን ስከፍተው መጣ። በገዛ እጄ ያደረቅኩት ታንከር፣ ረታ! ሞልቶ አደረ። እኔ እንቢ ብዬ ሸሸሁ፣ እሱ ሂጂ አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?”

አስፋልቱ ላይ የተጋገረው ስስ በረዶ የቦይለሩ ውሃ ብቻ እንደነበር ረታ አሁን ገባው። አፉን ከፈተ። ሁሉም እዚያው ምላሱ ላይ ነበር፦ ጀሪካኑ፣ ምድር ቤቱ፣ የረሳው ሲሊንደር፣ ከንቱ ማማተቡ። ቢናገር ከአልጋው ወርዳ ልብሷን ትለብሳለች፤ ይህን እንደ ገዛ ስሙ ያውቃል። ባይናገር በእሱ ውሸት ላይ ተኝታ ቢላዋ ሥር ትገባለች። አገር ምድሩን የሞላው ሕዝብ በስሕተት አምኖ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን የአንዲት ሴት እምነት በሁለት ጀሪካን ላይ ቆሞ እጁ ላይ ነበር።

“አንተ አታምንም፣ አውቃለሁ” አለች ገላነሽ። “እኔ ሞኝ ልሆን እችላለሁ። ግን አንተም እዚያው ነበርክ። ውሃ ነበረው አይደል?”

ነርሷ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር መጣችና የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ለቀቀች። ገላነሽ እጁን አልለቀቀችም።

“ንገረኝ እንጂ። ነበረው?”

“ነበረው” አለ ረታ። “እኔም አይቻለሁ። ሞልቶ ነበር።”

ፊቷ ሁሉ በራ። እጁን ሳመችና ለቀቀችው። አልጋው በኮሪደሩ ሄደ፤ በሮቹ ራሳቸው ተከፍተው ራሳቸው ተዘጉ። ረታ እዚያው ቆመ። ብትወጣ ይህን ውሸት ይዞ አብሯት ይኖራል፤ ባትወጣ ደግሞ ወደዚያ ክፍል የላካት እሱ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ፀሎት እየሮጠች መጣች። ባዶውን ቦታ አየች፣ አባቷን አየች። ያን ቀን ምን እንደነካት አይታወቅም፣ በአማርኛ ነበር የጠየቀችው።

“ገባች? ፓፓ፣ ፈርታ ነበር?”

“እሷስ አልፈራችም” አለ ረታ፤ ወንበር እየፈለገ። “እኔ ነኝ የፈራሁት።”